የ64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ በስልክ፣ በካሜራና በመኪና ቴፕ እንዲሠራ እንዴት ፎርማት ይደረጋል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው 64 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ አላቸው። ካርዱን በስልካቸው፣ የቤተሰብ ዝግጅት በሚቀርጹበት ካሜራና በመኪናቸው ቴፕ ላይ እያፈራረቁ ሊጠቀሙበት ይፈልጋሉ። ስልኩና ካሜራው ካርዱን ያነቡታል፤ ቴፑ ግን ምንም እንዳልገባበት ዝም ይላል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ፎርማት ሊያደርጉት ሲሞክሩ የቀረቡላቸው የፎርማት ዓይነቶች ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) እና ኤክስፋት (exFAT) ብቻ ሲሆኑ፣ ወዳጃቸው «ፋት32 (FAT32) አድርገው» ያሏቸውን ምርጫ ሊያገኙት አልቻሉም። ካርዱ ላይ ያሉት ፎቶዎች እንዳይጠፉባቸውም ይሰጋሉ።

ካርዱን ፋት32 ማድረግ ይቻላል፤ የመኪና ቴፖችም በአብዛኛው የሚያነቡት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ይህን ሲያደርጉ ካሜራው ላይ የሚያጡት ነገር እንዳለ አስቀድመው ይወቁት። አንድ ካርድ ለብዙ ዕቃ እንዲሆን ሲፈለግ ፎርማቱ የሚመረጠው ከዕቃዎቹ ሁሉ ኋላ ቀር የሆነው ማንበብ በሚችለው ልክ ነው፤ ከእርስዎ ሦስት ዕቃዎች ኋላ ቀሩ ቴፑ ነው። ከካርዱ ብዙ የሚጠይቀው ደግሞ ካሜራው ነው። የሁለቱ ፍላጎት ስለማይገጥም፣ እኔ ብሆን 64ቱን በኤክስፋት ለካሜራው እተወውና ለመኪናው 32 ጊጋባይት የሆነ ሌላ ካርድ እገዛለታለሁ። ምክንያቴን ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ አንዱን ካርድ ብቻ መጠቀም ግድ ከሆነብዎም አሠራሩን እነግርዎታለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ፎቶዎቹን ያውጡ። ካርዱን በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱና በውስጡ ያለውን ሁሉ፣ ዲሲአይኤም (DCIM) የሚባለውን የካሜራ ፎልደር ጨምሮ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ ያድርጉ። ኮፒው እንዳለቀ ወዲያውኑ ወደ ፎርማት አይለፉ፤ የፋይሎቹ ቁጥርና ጠቅላላ መጠናቸው በሁለቱም ቦታ እኩል መሆኑን ያመሳክሩ፣ ከፎቶዎቹም ከቪዲዮዎቹም ጥቂቶቹን ከኮምፒውተሩ ከፍተው ይመልከቱ። ካርዱን ሲሰኩ ዊንዶውስ «ከመጠቀምዎ በፊት ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ይኖርብዎታል» የሚል መልእክት ካመጣ ደግሞ በምንም ምክንያት እሺ አይበሉት። ይህ መልእክት ኮምፒውተሩ የካርዱን ፎርማት መረዳት እንዳቃተው የሚናገር እንጂ ካርዱ ባዶ መሆኑን የሚያረጋግጥ አይደለም፤ ስንት የሠርግ ፎቶ በዚያች አንዲት እሺታ ሄዷል። ካርዱን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ሲመልሱት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኙት እንደሆነም ለፎርማት አይቸኩሉ። ያ ዓይነቱ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹን የሚደብቃቸው እንጂ የሚያጠፋቸው ስላልሆነ፣ ሾርትከቶቹን ሳይነኩ በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ቢያደርጉ ፎልደሮቹ ደብዝዘው ብቅ ይላሉ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። የፋይል ሥርዓት የሚባለው እንደ መዝገብ ቤት ማውጫ ያለ ነገር ነው፤ የትኛው ፋይል በየትኛው ቦታ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚረዝምና የትኛው ቦታ ክፍት እንደሆነ ይጽፋል። ፈጣኑ ፎርማት የሚያደርገው ይህን ማውጫ በአዲስ መተካት ብቻ ስለሆነ፣ የፎቶዎቹ ይዘት ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ካርዱ ላይ ሊቆይ ይችላል። በስህተት ፎርማት የተደረገ ካርድ በማስመለሻ ፕሮግራም የሚድንበት ምክንያት ይህ ነው፤ ካርዱን ለሌላ ሰው ሲሸጡ ወይም ሲሰጡ ፈጣኑ ፎርማት የማይበቃበትም ምክንያት ይኸው ነው። ለሽያጭ ከሆነ በዊንዶውስ ላይ «ፈጣን» ከሚለው ሣጥን ምልክቱን አንሥተው ሙሉውን ፎርማት ያድርጉ፤ ረጅም ጊዜ ቢወስድም ካርዱን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል።

ፋት32 እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ 95 የተሻሻለ ዕትም ጋር የመጣ ሥርዓት ነው። ዕድሜው ብዙ ስለሆነ የማያውቀው ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ቴፑ፣ የቤት ስፒከሩ፣ የዲሽ ሪሲቨሩ፣ አሮጌው ስልክ ሁሉ ያነቡታል። ድክመቱ የአንድን ፋይል መጠን የሚመዘግበው በ32 ቢት ቁጥር በመሆኑ ከ4 ጊጋባይት የሚያንስ እንጂ 4 ጊጋባይት የሞላ ወይም ከዚያ የሚበልጥ አንድ ፋይል መያዝ አለመቻሉ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ገደብ የሚሻገረውን ኤክስፋትን እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ። የኤስዲ ካርድ መለኪያዎችን የሚያወጣው የኤስዲ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2009 ኤስዲኤክስሲ የሚባለውን ዓይነት ሲያስተዋውቅ፣ ከ32 ጊጋባይት በላይ እስከ 2 ቴራባይት ያሉ ካርዶች ፎርማታቸው ኤክስፋት እንዲሆን ወሰነ። ከ2 ጊጋባይት በላይ እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት፣ ኤስዲኤችሲ የሚባሉት፣ በፋት32 ቀሩ። የእርስዎ ካርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ኤክስፋት ሆኖ የወጣው በዚህ ደንብ ነው። ኤክስፋት ለረጅም ጊዜ የማይክሮሶፍትን ፈቃድ የሚጠይቅ ስለነበረ፣ ዝርዝሩም ለሁሉም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 ስለሆነ፣ በርካሽ ቴፖችና ስፒከሮች ላይ አለመኖሩ ሊያስገርም አይገባም። ስለዚህ ቴፑም ካርዱም አልተበላሹም፤ ካርዱ የተጻፈበትን ሥርዓት ቴፑ አያውቀውም፣ ያ ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ፋት32 የሚለውን ምርጫ የነፈገዎት ፋት32 64 ጊጋባይት መያዝ ስለማይችል አይደለም። በተለመደው አሠራር ፋት32 እስከ 2 ቴራባይት ድረስ ይሄዳል፤ ዊንዶውስ ራሱም ሌላ ቦታ ፋት32 የተደረገ ትልቅ ካርድ ሲሰጡት ያለ ችግር ያነባል፣ ይጽፍበታልም። ገደቡ ያለው በፎርማት መስኮቱ ላይ ሲሆን፣ ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆነ ነገር ፋት32ን ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 በዊንዶውስ 11 የሙከራ ዕትም ላይ ይህን ገደብ በትእዛዝ መስመር በኩል ወደ 2 ቴራባይት ከፍ አድርጎታል፤ እኔ ግን ትእዛዝ መጻፍ ለማይወዱ ሰዎች ሌላውን መንገድ እመርጣለሁ።

ኤንቲኤፍኤስን ደግሞ ከነጭራሹ ይርሱት። ለኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የተሠራ ነው፤ ካሜራዎች አያውቁትም፣ አብዛኞቹ ቴፖችም እንዲሁ፣ ማክ ኮምፒውተርም ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም።

ካሜራው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁለት ካርድ እንዲይዙ የምመክርዎት በእሱ ምክንያት ነውና። ካሜራዎ በሰከንድ 50 ሜጋቢት (8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) ቪዲዮ ይቀርጻል እንበል። 4 ጊጋባይት የሚሞላው በ11 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ካርዱ ኤክስፋት ከሆነ ካሜራው የራሱ የቀረጻ ጊዜ ገደብ እስኪደርስ ድረስ በአብዛኛው በአንድ ፋይል ይቀጥላል። ፋት32 ከሆነ ግን በየ11 ደቂቃው ፋይሉን ዘግቶ ሌላ መክፈት ይኖርበታል፤ አንዳንዱ ካሜራ ይህን ራሱ እየቆራረጠ ሲያደርግ አንዳንዱ ቀረጻውን ጭራሹን ያቆማል። የክርስትና ወይም የኒካህ ሥነ ሥርዓት እየቀረጹ ካሜራው በመካከል ቢያቆምብዎት የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሚከተለው ነው። ካሜራ የሚጠቀምበት ካርድ ፎርማት መደረግ ያለበት በራሱ በካሜራው ውስጥ ነው፤ ካሜራው ፎልደሮቹን በራሱ ደንብ ይሠራል፣ የፋይሎቹን ተራ ቁጥር ይይዛል፣ እርስዎ በኮምፒውተር የከተቱለትን ወይም ስሙን የቀየሩትን ፎቶ ብዙ ጊዜ አያሳይም። ካሜራው 64 ጊጋባይት ካርድ ፎርማት ሲያደርግ የሚያደርገው ደግሞ ኤክስፋት ነው። ኮምፒውተር ላይ ለፍተው ፋት32 ያደረጉት ካርድ አንድ ቀን ካሜራው ላይ «ፎርማት» በተጫነበት ቅጽበት ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ዘፈኖቹም አብረው ይጠፋሉ፣ ቴፑም እንደገና ዝም ይላል።

ለመኪና 32 ጊጋባይት ያንሳል ብለው እንዳይሰጉ አንድ ስሌት ልጨምር። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ የአምስት ደቂቃ ዘፈን ወይም መዝሙር 4.8 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 32 ጊጋባይት ከ6,000 በላይ ይይዛል። በሰከንድ 320 ኪሎቢት የሆነ ጥራት ያለው ቅጂ ቢሆን እንኳ ከ2,500 አያንስም። የ32 ካርድ ከፋብሪካው በፋት32 ስለሚመጣ ምንም ሳይነኩት ገዝተው ዘፈን ጭነው ቴፑ ውስጥ መክተት ነው።

ስልኩን በተመለከተ የምፈራልዎት ነገር አንድ ነው። ከአንድሮይድ 6.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ አንዳንድ ስልኮች አዲስ ካርድ ሲገባባቸው እንደ ተንቀሳቃሽ ማከማቻ ወይስ እንደ ስልኩ ውስጣዊ ማከማቻ ልጠቀምበት ብለው ይጠይቃሉ። ውስጣዊ የሚለውን ከመረጡ ስልኩ ካርዱን በራሱ ሥርዓት ፎርማት አድርጎ ይመሰጥረዋል። ከዚያ በኋላ ካርዱን የትም ቢሰኩት ካሜራውም ቴፑም ኮምፒውተሩም አያነቡትም፤ ቁልፉ ያለው ስልኩ ውስጥ ስለሆነ ስልኩ ቢሰረቅ ወይም ቦርዱ ቢቃጠል ካርዱ ላይ የነበረው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። እያፈራረቁ ለሚጠቀሙበት ካርድ ሁልጊዜ ተንቀሳቃሽ የሚለውን ይምረጡ። ስልክ ቤት ካርድ ገዝተው እዚያው ሲያስገጥሙም ልጁ ማከማቻ እንዲሰፋልዎ ብሎ በቅንነት ያንን እንዳይመርጥልዎ ቀድመው ይንገሩት።

ይህን ሁሉ ሰምተውም በአንድ ካርድ መቀጠል ከፈለጉ፣ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ፍላሽም ሆነ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይንቀሉ፤ በስህተት የሌላውን ዲስክ መለያ ፊደል መርጦ ማጥፋት ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው። ማይክሮ ኤስዲውን የሚከቱበት አዳፕተር በጎኑ ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለችው፤ ወደ ታች ከወረደች ኮምፒውተሩ «ዲስኩ እንዳይጻፍበት ተጠብቋል» ይላልና ወደ ላይ ይግፏት። ከዚያ ሩፈስ (Rufus) የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱ። ካርዱን ከላይ ካለው ዝርዝር ሲመርጡ መጠኑን ያረጋግጡ፤ ዊንዶውስ 64 ጊጋባይቱን 59 ከምናምን ብሎ ቢያሳየው አይደንግጡ፣ አምራቹ በ1,000 ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚያባዙ የመጣ ልዩነት ነው። በማስነሻ ምርጫው ላይ «ኖን ቡታብል» (Non bootable) የሚለውን፣ በፓርቲሽን ዓይነቱ (የካርዱ ቦታ አከፋፈል በሚመዘገብበት ስልት) ላይ ኤምቢአር (MBR)፣ በፋይል ሥርዓቱ ላይ ፋት32 ወይም ትልቅ ፋት32 የሚለውን፣ በክላስተር መጠኑ (ለፋይል በአንድ ጊዜ በሚሰጠው ትንሹ የቦታ ክፍል) ላይ 32 ኪሎባይት ይምረጡ። 64 ኪሎባይት የሚለው በአንዳንድ ዕቃዎች ዘንድ ችግር ስለሚፈጥር ይለፉት። «ስታርት» ሲሉት ሁሉም ይጠፋል ብሎ ያስጠነቅቅዎታል፤ ኮፒዎን ካረጋገጡ እሺ ይበሉት፣ በአጭር ጊዜ ያበቃል። የኤስዲ ማኅበር ራሱ የሚያድለው የካርድ ፎርማት ማድረጊያ ፕሮግራም በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ደንቡን ስለሚከተል 64ቱን ሁልጊዜ ኤክስፋት ያደርገዋል። ለዚህ ሥራ አይሆንዎትም፤ ካርዱን አንድ ቀን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ቢፈልጉ ግን ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ማክ ለሚጠቀም አንባቢ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ዲስክ ዩቲሊቲ በሚባለው የማክ ፎርማት ማድረጊያ ውስጥ መጀመሪያ «ሁሉንም ዕቃዎች አሳይ» የሚለውን ካላዘዙ የፓርቲሽን ዓይነት መምረጫው አይመጣልዎትም፤ እዚያም ማስተር ቡት ሪከርድ (ኤምቢአር) የሚለውን ይያዙ፣ ጂዩአይዲ የሚለውን ብዙ ቴፖች አያውቁትምና። ማክ በተጨማሪ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን በነጥብና በታች ሰረዝ (._) የሚጀምር ትንሽ የተደበቀ ፋይል ሊጽፍ ይችላል፤ ቴፑ ይህን ዘፈን ነው ብሎ ሊያጫውተው ሲሞክር በየመካከሉ ለአፍታ ዝም ይላል ወይም ስህተት ያሳያል። እነዚህን ፋይሎች ሰርዞ ካርዱን ማውጣት ይበቃል።

ፎርማቱ ተስተካክሎም ቴፑ ላይ የሚያጋጥሙ ሦስት ነገሮች አሉ፣ ሦስቱም ከፎርማት ጋር አይገናኙም። አንደኛ፣ ከኢንተርኔት በስልክ የወረዱ ዘፈኖች ብዙ ጊዜ ኤም4ኤ ወይም ኦፐስ የሚባሉ የድምፅ ፋይል ዓይነቶች ናቸው፤ ቴፑ ኤምፒ3 ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ካርዱን አንብቦ «ፋይል የለም» ይላል። ሁለተኛ፣ በአማርኛ የተጻፈ የፋይል ስም በፋት32ም በኤክስፋትም በትክክል ይቀመጣል፤ ቴፑ ግን የግዕዝ ፊደል ስለሌለው አራት ማዕዘን ሣጥኖች ወይም የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ዘፈኑ ይጫወታል፣ ስሙ ግን አይነበብም፤ የሚያስቸግርዎት ከሆነ የመኪናውን ቅጂ በላቲን ፊደል ይሰይሙት። ሦስተኛ፣ ብዙ ቴፖች የሚያጫውቱት በፊደል ተራ ሳይሆን ፋይሎቹ ካርዱ ላይ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው። አልበሙ ተራው ተዘበራርቆ ከመጣ የፋይሎቹን ስም በ01፣ 02፣ 03 ጀምረው ይሰይሙና ፎልደሩን ከካርዱ ላይ ሰርዘው እንደገና በተራ ኮፒ ያድርጉት።

ካርዱ በርካሽ የተገዛ ከሆነ ፎርማት ካደረጉት በኋላ፣ ምንም ሳይጭኑበት፣ ትክክለኛ መጠኑን መፈተሽ አይከፋም። 8 ጊጋባይት የሆነ ካርድ 64 ነኝ ብሎ ለኮምፒውተሩ እንዲናገር ተደርጎ ሊሸጥ ይችላል፤ ፎርማትም ይደረጋል፣ መጠኑንም 59 ብሎ ያሳያል፣ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች በደህና ይይዛል፣ ከእውነተኛው አቅሙ ሲያልፍ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል ወይም የማይከፈት ፋይል ይሰጥዎታል። በዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ (H2testw)፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ኤፍ3 (F3) የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ጽፈው መልሰው በማንበብ እውነቱን ያወጣሉ። ፎርማት ይህን አያስተካክልም፤ ካርዱን ለሸጠልዎት ሰው ይመልሱት።

ሌላ ምልክት ልንገርዎ። ካርዱን ፎርማት አድርገው «ተጠናቋል» ካለ በኋላ ነቅለው ሲመልሱት የቀድሞዎቹ ፎቶዎች ሁሉ እንዳሉ ተደርድረው ካገኟቸው፣ ቫይረስ ነው ብለው ፕሮግራም ሲቀያይሩ አይዋሉ። ካርዱ የመጻፊያ ዕድሜው አልቋል፤ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር አልቀበልም ብሎ ለማንበብ ብቻ ክፍት አድርጎታል። ፎቶዎቹን በቶሎ ኮፒ ያድርጉና ካርዱን ይጣሉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በፋት32 የተዘጋጀው 64 ጊጋባይት ካርድ ቴፑ ላይ እምቢ ካለ፣ ከሰው 32 ጊጋባይት ካርድ ተውሰው አንድ ኤምፒ3 ዘፈን ብቻ ከፎልደር ውጭ አስቀምጠው ይሞክሩ። 32ቱን አንብቦ 64ቱን ካላነበበ የቴፑ ፕሮግራም ከ32 በላይ የሆነ ካርድ እንዳይቀበል ተደርጎ ተሠርቷል፤ የትኛውም ፎርማት አይለውጠውም። 32ቱንም ካላነበበ ደግሞ የቴፑን የካርድ መክተቻ በጥንቃቄ አጽድተው እንደገና ይሞክሩ፤ ቴፑ በጣም አሮጌ ከሆነም ኤስዲኤችሲ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ፣ 2 ጊጋባይትና ከዚያ በታች የሆኑ ካርዶችን ብቻ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። የዩኤስቢ መሰኪያ ካለው ፋት32 የሆነ ፍላሽ ይሰኩበት፤ ከሌለው ግን የሚያዋጣው ቴፑን መቀየር ነው።